ብጉር አስቸግሮኛል፤ የዕፅዋት አንቲኦክሲደንት ክኒን ልጀምር?

ጥያቄው የደረሰኝ ከካዛንቺስ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው።

«ዶክተር፣ 24 ዓመቴ ነው። ከሁለት ዓመት ወዲህ አገጬና መንጋጋዬ ላይ ብጉር አስቸግሮኛል። የወር አበባዬ ሊመጣ ሲል ይብስብኛል። ሲድንም ጥቁር ምልክት ጥሎብኝ ነው የሚሄደው። ፋርማሲ የሰጡኝን ክሬም አንድ ሳምንት ተቀብቼ ፊቴን ስላቃጠለኝ ተውኩት። አሁን ጓደኛዬ ከአረንጓዴ ሻይ፣ ከእርድና ከወይን ፍሬ የተሠራ አንቲኦክሲደንት ሰፕሊመንት እንድጀምር ትመክረኛለች። ደም ያጸዳል፣ ከዕፅዋት ስለሆነ ደግሞ ጉዳት የለውም ትላለች። ልጀምረው?»

እህቴ፣ መልሱን አላዘገይብሽም። ሰፕሊመንቱን አትጀምሪው። የተውሽውን ክሬም ግን እንደገና እንጀምረዋለን፣ በሌላ አቀባብ። ምክንያቴ ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሺኝ።

ይህን ያህል የምጽፈው ጥያቄው ያንቺ ብቻ ስላልሆነ ነው። የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ባለች አነስተኛ የቆዳ ክሊኒክ ነው። ተማሪዎች ይመጣሉ፤ የቢሮ ሠራተኞች በምሳ ሰዓታቸው እየሮጡ ይመጣሉ። ብዙዎቹ ገና ሳይቀመጡ ቦርሳቸውን ከፍተው ብልቃጥ ያወጣሉ። ሦስት አራት ብልቃጥ ጠረጴዛው ላይ የምትደረድር አለች። የአረንጓዴ ሻይ፣ የእርድ፣ የሽፈራው፣ የጥቁር አዝሙድ። መሠረታዊውን የብጉር ሕክምና በትክክል የሞከረች ግን ከስንት አንዷ ናት። በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄ ነው። ጠባሳው የሚቀረው በዚያ በባከነው ጊዜ ነውና።

ጓደኛሽ ከመሬት ተነስታ አላወራችም። ነገሩ ሥር አለው። ፊታችን ላይ ካለው ከእያንዳንዱ ጸጉር ሥር አጠገብ ወዝ የምታመርት ትንሽ ዕጢ አለች። የወንድ ሆርሞን የምንላቸው ሆርሞኖች፣ በሴትም ሰውነት ውስጥ ስላሉ፣ ዕጢዋን ያነቃቋታል። ወዙ ይበዛል። የቀዳዳው አፍ ላይ የሞቱ የቆዳ ሴሎች ይጣበቁና ይደፍኑታል። የታጎረው ወዝ ውስጥ ኪውቲባክቴሪየም አክነስ የሚባለው ባክቴሪያ ይራባል። ሰውነትም ይቆጣል። ያብጣል፣ ያማል፣ መግል ይይዛል።

አንቲኦክሲደንት የሚለው ቃል የሚገባው እዚህ ጋ ነው። ከወዛችን 12 በመቶ ገደማ የሚሆነው ስኳሊን የሚባል ቅባት ነው። ስኳሊን አየርና ፀሐይ ሲነካው በቀላሉ ይበላሻል። ለጋ ቅቤ ቆይቶ ጠረኑ እንደሚለወጠው ማለት ነው። የተበላሸው ስኳሊን ቀዳዳውን ይደፍናል፣ ቆዳውንም ያስቆጣል። አንቲኦክሲደንት የምንለው እንዲህ ያለውን መበላሸት የሚከላከለውን ነገር ነው። ብጉር ያለባቸው ሰዎች ደም ሲመረመርም፣ በብዙ ጥናቶች እንደ ቫይታሚን ኢ ያሉት መከላከያዎች ከጤነኛው ሰው ያነሱ ሆነው ተገኝተዋል። እስከዚህ ድረስ ጓደኛሽ ልክ ናት።

ግን የቱ ቀደመ? መከላከያው ስላነሰ ነው ብጉሩ የመጣው ወይስ ቆዳው ሲቆጣ መከላከያውን ጨረሰው? እሳት አደጋ የደረሰበት ቤት በርሜሉ ባዶ ቢሆን፣ ውሃ ስላልነበረ ነው ቤቱ የተቃጠለው አንልም። ውሃው እሳቱ ላይ ፈሶ ይሆናል። የደም ምርመራው ይህን አይለይም።

አንድ ነገር ላሳይሽ። እናትሽ ቅቤ ስታነጥር ከኮረሪማው ጋር ኮሰረትና እርድ ትጨምራለች። ለጣዕም ብቻ አይደለም፣ ቅቤው ሳይበላሽ እንዲቆይም ነው። ውሃውና አሬራው መውጣቱ ይረዳል፤ ቅመሞቹ ውስጥ ያለው አንቲኦክሲደንትም ያግዛል። በቤታችን ከድሮ ጀምሮ አለ፣ ስም ስላላወጣንለት እንጂ። ኮሰረቱ ግን ያለው ቅቤው ውስጥ ነው። ከሚጠብቀው ነገር ጋር አብሮ ቀልጦ፣ አብሮ ተቀምጦ ነው የሚሠራው። የምትውጪው ክኒን ግን ሆድሽ ውስጥ ነው ያለው። ከዚያ አንጀትሽን ማለፍ አለበት። ቀጥሎ ጉበትሽን ማለፍ አለበት። ከዚያ በደም ተጉዞ አገጭሽ ላይ ካለችው ከዚያች ጠባብ ቀዳዳ መድረስ አለበት። ቫይታሚን ኢ በወዝ በኩል ወደ ፊት ቆዳ እንደሚወጣ ይታወቃል። የእርዱ ኩርኩሚን ግን ከአንጀት ወደ ደም የሚገባው እጅግ ጥቂት ነው። የገባውንም ጉበት ቶሎ ለውጦ ያስወግደዋል። የላብራቶሪ ሳህን ላይ ባክቴሪያ ገደለ የሚባለው ነገር ሁሉ ሰው ላይ የማይደገመው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ሰው ላይ ሲሞከርስ? ከምትጠይቂኝ ውስጥ የተሻለ የተፈተነው አረንጓዴ ሻይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የታይዋን ጥናት አለ (የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ዕድሜያቸው ከ25 እስከ 45 የሆኑ ሴቶች በቀን 1,500 ሚሊግራም የአረንጓዴ ሻይ ጭማቂ በክኒን መልክ ለ4 ሳምንት ወሰዱ። ሌሎቹ ምንም የሌለበት አስመሳይ ክኒን ወሰዱ። አፍንጫ፣ አገጭና በአፍ ዙሪያ ያበጠው ብጉር ላይ ልዩነት ታየ። የፊቱ ብጉር ጠቅላላ ቁጥር ሲነጻጸር ግን በሁለቱ ቡድኖች መካከል ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልነበረም። 4 ሳምንት ደግሞ ለብጉር በጣም አጭር ነው። ለምን እንደሆነ በኋላ እነግርሻለሁ።

ሰፋ አድርገን እንየው። ኮክሬን የተባለው ዓለም አቀፍ የጥናት ገምጋሚ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2015 ዕፅዋትንና ሌሎች አማራጭ ሕክምናዎችን ለብጉር የፈተኑ 35 ጥናቶችን ሰብስቦ አየ። ተሳታፊዎቹ 3,227 ነበሩ። ጥቂት ተስፋ ያላቸው ነገሮች ተገኙ፤ ከአውስትራሊያ ዛፍ ቅጠል የሚወጣው የቲ ትሪ ዘይትና የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ የማያደርግ አመጋገብ ከነዚያ ውስጥ ናቸው። ለእነርሱም ቢሆን ማስረጃው ደካማ ነው ተባለ። የአሜሪካ የቆዳ ሐኪሞች ማኅበር በ2024 ባወጣው የብጉር ሕክምና መመሪያም ስለ ዕፅዋትና ስለ ቫይታሚን ክኒኖች ውሰዱም አትውሰዱም ለማለት በቂ ማስረጃ የለም ብሎ ነው ያለፈው። አይሠሩም አላለም። በነሱ ተማምኖ ሰው ማከም ግን አይቻልም። እርድን በክኒን መልክ ለብጉር በደንብ የፈተነ ትልቅ ጥናት የለም።

«ቢሆንም ምን ይጎዳኛል? ዕፅ ነውኮ» ትይኝ ይሆናል። እዚህ ላይ ነው አጥብቄ የምለምንሽ።

ለዕፅዋት ክብር አለኝ። እንዶድን አስቢው። ወንዝ ዳር ልብስ የሚታጠብበት ፍሬ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አስተውለው፣ በቀንድ አውጣ በኩል የሚተላለፈውን የቢልሃርዝያን መንገድ ለመቁረጥ ለዓመታት መረመሩት። ዕፅ ኃይል እንዳለው ከዚህ በላይ ምስክር የለም። ኃይል ያለው ነገር ደግሞ ልክ ይፈልጋል። አያቶቻችን ኮሶን እየለኩና እየፈሩ ነበር የሚጠጡት። «ዕፅ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል ከነሱ የወረስነው አይደለም፣ የገበያ ወሬ ነው።

አረንጓዴ ሻይ በስኒ ሲጠጣ ችግር የለውም። ሻዩን የሚያዘወትሩ ሰዎች ኢጂሲጂ የሚባለውን ዋና ንጥረ ነገር በቀን ከ90 እስከ 300 ሚሊግራም እንደሚያገኙ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 ገምቷል። በክኒን መልክ 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ ሲወሰድ ግን የጉበት መቆጣት ምልክት በደም ውስጥ ሊታይ እንደሚችል አስጠንቅቋል። በክኒን ውስጥ ያለው ተጨምቆ የከረረ ነው፤ ብዙ ስኒ ሻይ በአንድ ጉርሻ እንደመዋጥ ማለት ነው። በባዶ ሆድ ሲሆን ደግሞ ይብሳል።

እርድም እንደዚያው ነው። ወጥ ውስጥ ስትጨምሪው ምግብ ነው። ክኒን ሠሪዎቹ ግን ሰውነት እርድን በደንብ እንደማይቀበለው ያውቃሉ። ስለዚህ የቁንዶ በርበሬ ጭማቂ ይቀላቅሉበታል። በ1998 የወጣ ጥናት ይህ ድብልቅ ወደ ደም የሚገባውን መጠን 20 እጥፍ ገደማ እንደሚያሳድገው አሳይቷል። ገበያው ይህን እንደ ትልቅ ጥቅም ያስተዋውቀዋል። ለእኔ ግን ሐሳብ ላይ የሚጥል ነው። ያው ቁንዶ በርበሬ ጉበት ሌሎች መድኃኒቶችን የሚያስወግድበትን መንገድም ያዘገያል። በ2019 ጣሊያን ውስጥ የእርድ ክኒን የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተቆጥቶ ሲገኝ፣ የጤና ሚኒስቴሩ ማስጠንቀቂያ ብልቃጡ ላይ እንዲጻፍ አድርጓል። የሚጎዱት ከብዙ ሰው ጥቂቶች ናቸው። ግን ለብጉር ብሎ ጉበትን አደጋ ላይ መጣል ምን አመጣው?

አንቲኦክሲደንት ሲበዛ ይጠቅማል የሚለው ሐሳብ ራሱ አንድ ጊዜ ክፉኛ ተፈትኖ ወድቋል። ፊንላንድ ውስጥ 29,133 ሲጋራ የሚያጨሱ ወንዶች የተካተቱበት ጥናት ነበር። ካሮት ውስጥ ያለውን ቤታ ካሮቲን በክኒን መስጠት የሳንባ ካንሰርን ይቀንሳል ተብሎ ነበር የተጀመረው። ውጤቱ በ1994 ሲወጣ ክኒኑን የወሰዱት ላይ የሳንባ ካንሰር 18 በመቶ በልጦ ተገኘ። አንቺ አጫሽ አይደለሽም ብዬ እገምታለሁ፤ ይህ አደጋ ያንቺ ነው እያልኩሽም አይደለም። ካሮት መብላትና የካሮትን አንድ ንጥረ ነገር ነጥሎ በክኒን መዋጥ ግን ፈጽሞ አንድ አይደሉም።

የብልቃጡ ነገር ደግሞ አለ። በቅርቡ አንዲት ወጣት «ለቆዳ ውበት» የሚል ብልቃጥ ይዛ መጣች። ዘመድ በሻንጣ ያመጣላት ነው። ጽሑፉ ደቃቅ ስለሆነ ማጉያ መነጽሬን አንስቼ መስኮቱ ጋ ወስጄ አነበብኩት። «የዕፅዋት ቅይጥ፣ 1,200 ሚሊግራም» ይላል። ከስሩ 11 ዕፅዋት ተደርድረዋል። ከየትኛው ስንት እንዳለ አይናገርም። ታች ላይ ግን ቫይታሚን ቢ12 በከፍተኛ መጠን ተጽፏል። ቢ12 ሲበዛ በአንዳንድ ሰው ላይ ብጉር ያስነሳል፤ ይህ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ ነው። ልጅቷ ብጉሩ ሲብስባት አንድ የነበረውን ክኒን ሁለት አድርጋው ነበር። አገራችን ገበያ ላይ የሚውለውን የሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ነው። በሻንጣ የገባ ብልቃጥ ግን በዚያ በር አላለፈም። ውስጡ ያለው ላዩ የተጻፈው ስለመሆኑ ማንም አላየልሽም።

ታዲያ ለምን ነው ይህን ያህል ሰው «እኔን አድኖኛል» የሚለው? አይዋሹም። ብጉር በራሱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ያንቺ በተለይ ከወር አበባሽ ጋር ይነሳል፣ ይበርዳል። ሰው ብልቃጥ የሚገዛው መቼ ነው? መስታወት አይታ ያለቀሰች ዕለት ነዋ። ማለትም ሊበርድ ሲል። በሳምንቱ ይበርዳል፣ ክኒኑ ይመሰገናል። በሚቀጥለው ወር ሲመለስ ደግሞ «አቋርጬ ስለነበር ነው» ይባላል።

«ደም ያጸዳል» ስለሚለውም አንድ ነገር ልበል። ብጉር የቆሸሸ ደም ወደ ውጭ ሲወጣ አይደለም። ደምሽን ሌት ተቀን የሚያጣሩት ጉበትሽና ኩላሊትሽ ናቸው። ይህን የምለው ቃሉ ወጣቶቻችን ላይ ኀፍረት ስለሚጭን ነው። ንጽሕና የጎደላቸው እየመሰላቸው ፊታቸውን በቀን አምስት ጊዜ በሳሙና የሚፈገፍጉ ልጆች አያለሁ። አንቺ አልቆሸሽሽም። የወዝ ዕጢሽ ሆርሞን ሲነካት ቶሎ ትነቃለች፣ በቃ።

አንቲኦክሲደንት ከፈለግሽ ማዕድሽ ላይ ሞልቷል። ጎመን፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሥር፣ ምስር። ቡናችን ራሱ ክሎሮጅኒክ አሲድ በሚባለው አንቲኦክሲደንት የበለጸገ ነው። ብሉ፣ ጠጡ። ለብጉር ብለሽ ሳይሆን ለጤናሽ። ሻይ ግን ከምግብ ጋር ብረት እንዳይገባ ስለሚይዝ፣ ደም ማነስ ካለብሽ ከበላሽ በኋላ ቆየት ብለሽ ጠጪው።

«ጾም ሲገባ ፊቴ ይጠራል» የሚሉኝ ታካሚዎች አሉ። ቅጠላ ቅጠሉ ነው ያዳነን ይላሉ። ሊሆን ይችላል፤ እኔ ግን የምጠረጥረው የቀረውን ነው። ወተት ከብጉር ጋር ግንኙነት እንዳለው በርካታ ጥናቶች ጠቁመዋል። የደም ስኳርን ቶሎ ከፍ የሚያደርግ ምግብም እንዲሁ። በ2007 አውስትራሊያ ውስጥ 43 ወጣት ወንዶች ላይ የተሠራ ጥናት አለ። ለ12 ሳምንት ስኳርና ነጭ ዱቄት ቀንሰው የበሉት የብጉራቸው ቁጥር በአማካይ በ23.5 ፍሬ ቀነሰ። እንደ ልማዳቸው የበሉት በ12 ፍሬ። ስለዚህ ጾሙን በፓስቲ፣ በብስኩትና ስኳር በበዛበት ሻይ ካሳለፍሽው ለፊትሽ ብዙ አትጠብቂ። ጂም የሚሄዱ ወንድሞቻችን የሚጠጡት ከወተት የተሠራ የፕሮቲን ዱቄትም ብጉር እንደሚያስነሳ ሐኪሞች ይጠረጥራሉ።

አሁን ወደ ተውሽው ክሬም እንመለስ። ስሙን አልጻፍሽልኝም። ከሁለት አንዱ ይመስለኛል፣ አዳፓሊን ወይም ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ። ሁለቱም ሲጀመሩ ያቃጥላሉ። በአቀባቡ ላይ ማንም ካልመከረሽ አንቺ ምን ታደርጊ?

የአንቲኦክሲደንትን ወሬ ከሚበጠብጡት ነገሮች አንዱ እዚህ አለ። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ራሱ ኦክሲደንት ነው! ቀዳዳው ውስጥ ገብቶ ፍሪ ራዲካል የሚባሉ የነኩትን የሚያበላሹ ቅንጣቶችን ይለቅና ባክቴሪያውን ያቃጥለዋል። ለብጉር ከምንሰጣቸው ውስጥ በጣም ከሚያስተማምኑት አንዱ የሚሠራው አንቲኦክሲደንቱ ይከላከላል በተባለው በዚያው መንገድ ነው። ባክቴሪያው ደግሞ እንደ አንቲባዮቲክ አይለማመደውም። 2.5 በመቶ የሆነውን ግዢ። 10 በመቶው ያበጠ ብጉር ላይ ከ2.5ቱ የተሻለ እንደማይሠራ፣ ማቃጠሉ ግን እንደሚብስ ከታወቀ ቆይቷል። ጠዋት በስሱ ተቀቢው። ጨርቅ ያነጣል፤ ስለዚህ ሳይደርቅ ነጠላሽን አትልበሺ። የስንት ሰው ጥለት አበላሽቷል መሰለሽ!

አዳፓሊን የማታ ነው። የተደፈነውን ቀዳዳ የሚከፍተው እሱ ነው። ፊትሽን ለብ ባለ ውሃና በለስላሳ ሳሙና ታጠቢ። 20 ደቂቃ ጠብቂ፣ ፊትሽ ደርቆ ይለቅ። እርጥብ ቆዳ ላይ ነው በጣም የሚያቃጥለው። ጣትሽ ጫፍ ላይ የአንድ አተር ፍሬ ያህል አውጪ። ለመላው ፊትሽ ይህ ይበቃል። ግንባር ላይ ነጥብ፣ ሁለቱ ጉንጭ ላይ ነጥብ፣ አገጭ ላይ ነጥብ አድርጊና አዳርሺው። ብጉሩ ላይ ብቻ አትቀቢ። ነገ የሚወጣው ብጉር ዛሬ አይታይም። የዓይንሽን ጥግ፣ የአፍንጫሽን ክንፍና ከንፈርሽን ዝለያቸው። ከላዩ ሽታ የሌለው ማለስለሻ ክሬም ተቀቢ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በሦስት ሌሊት አንዴ። ካልተቆጣሽ በሁለት ሌሊት አንዴ። ከዚያ በየማታው። ያቃጠለሽ ክሬሙ ስለማይስማማሽ ሳይሆን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ በየማታው ስለቀባሽው ይመስለኛል። እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ግን አዳፓሊን አይሆንም፤ አስቀድመሽ ንገሪኝ።

ከዚያ 12 ሳምንት። ብዙዎች የሚሸነፉት እዚህ ነው። አንድ ቀዳዳ መደፈን ከጀመረ እስከሚታይ ብጉር ድረስ ወደ 8 ሳምንት ይፈጃል። በዚህ ወር ፊትሽ ላይ የሚወጣው ባለፈው ወር ከቆዳሽ ስር የተጠነሰሰ ነው። ክሬሙ እሱን ሊያስቀረው አይችልም። በሁለተኛው ሳምንት ቢብስብሽም አትደንግጪ።

ከዕፅዋት ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ ካልሽ፣ በልበ ሙሉነት የምጠቅሰው የሚቀባውን የቲ ትሪ ዘይት ነው፣ 5 በመቶ ሆኖ የተዘጋጀውን። በ1990 አውስትራሊያ ውስጥ 124 ሰዎች ላይ ከቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጋር ተወዳድሮ ብጉር ቀንሷል። ዘግየት ይላል፣ ማቃጠሉ ግን ያንሳል። ንጹሑን ዘይት ሳይበረዝ አትቀቢ፣ ቆዳ ያቆስላል። ሎሚ፣ ነጭ ሽንኩርትና የጥርስ ሳሙናም እንዲሁ። ነጭ ሽንኩርት አስረው አድረው ጉንጫቸው የተላጠ ልጆች አክሜያለሁ።

ዚንክን ብዙዎች ከነዚህ ክኒኖች ጋር ይደምሩታል፣ ለብቻው ልጥቀሰው። ማዕድን ነው፣ ከሌሎቹም የተሻለ ተፈትኗል። በ2001 የወጣ የፈረንሳይ ጥናት 332 ሰዎችን በሁለት ከፈለ። ዚንክ ከወሰዱት 31.2 በመቶው፣ ሚኖሳይክሊን የተባለውን አንቲባዮቲክ ከወሰዱት 63.4 በመቶው ተሻላቸው። ይሠራል፣ ግን በግማሽ። ሆድም ያጥወለውላል። ለብጉር የሚታዘዘውን ዶክሲሳይክሊን የተባለ አንቲባዮቲክ የሚወስድ ሰው ዚንክም ብረትም አብሮ መዋጥ የለበትም፣ መድኃኒቱን ይይዙበታል። ዶክሲሳይክሊንን ደግሞ ራስሽ ገዝተሽ እንዳትጀምሪ። ከሦስት አራት ወር በላይ አንሰጠውም፣ ለብቻውም አንሰጠውም።

ያንቺ ብጉር ግን አገጭና መንጋጋ ላይ መሆኑና ከወር አበባ ጋር መባሱ የሆርሞን መልክ አለው። ስለዚህ ልጠይቅሽ። የወር አበባሽ ይዘላል? አገጭሽ ወይም ሆድሽ ላይ ጠንካራ ጸጉር ይወጣል? የራስ ጸጉርሽ መሐሉ ላይ ሳስቷል? አንዱ እንኳ ካለ ክሬም ብቻ አይበቃም። የእንቁላል ማምረቻ (ኦቫሪ) ችግር መኖሩ መታየት አለበት። የወሊድ መቆጣጠሪያ ክኒን ወይም የወንድ ሆርሞንን ሥራ የሚገታው ስፓይሮኖላክቶን ለእንዲህ ዓይነቱ ብጉር ደህና አድርገው ይሠራሉ። የሚታዘዙት ግን ተመርምረሽ ነው። ጠለቅ ብሎ የሚያብጥና ጉድጓድ የሚተው ዓይነት ከሆነ ደግሞ አይሶትሬቲኖይን የሚባል ጠንካራ ክኒን አለ። ጽንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ያለ እርግዝና ምርመራና ያለ መከላከያ አይታሰብም። እሱን የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ኤ ያለበትን ማንኛውንም ሰፕሊመንት ማቆም አለበት።

አንድ ነገር ግን ከክኒኑም በላይ ያስፈራኛል። ክኒኑ አልሠራ ሲል ቀጣዩ ማረፊያ የኮስሞቲክስ ሱቅ ድብልቅ ክሬም ነው። በትንሽ ፕላስቲክ ዕቃ፣ ያለ ስም፣ «ፊት ያጠራል» ተብሎ የሚሸጠው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ክሎቤታሶልን የመሰለ ጠንካራ ስቴሮይድ አለ። በሦስት ቀን ብጉሩ ይከስማል፣ ሰው ይደነቃል። በወራት ውስጥ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ፊት ላይ ጸጉር ይበቅላል፣ ፀሐይ ማየት ይከብዳል። ሲያቆሙት በአንድ ጊዜ ይፈነዳል። እነዚህን ልጆች ለመመለስ ወራት ይፈጅብኛል። አብሬያቸው የማዝንበት ጊዜ አለ። እባክሽ እዚያ በር እንዳትደርሺ።

ጥቁር ምልክቶቹ ጠባሳ ላይሆኑ ይችላሉ። ጣትሽን አስኪጂባቸው። ከቆዳሽ እኩል ለስላሳ ከሆኑ ቀለም ብቻ ናቸው፣ በወራት ይለቃሉ። በእኛ ቆዳ ላይ እንዲህ መሆኑ የተለመደ ነው። ጉድጓድ ወይም እብጠት ከተሰማሽ ጠባሳ ነው። ምልክቱን የሚያቆየው ፀሐይ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። በየ1,000 ሜትሩ አልትራቫዮሌት ጨረር በ10 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ደመና ነው ብለሽ አትዘናጊ። የፀሐይ መከላከያ ተቀቢ፣ ጃንጥላሽንም ለዝናብ ብቻ አትያዢው። አዜላይክ አሲድ የተባለው ክሬም ብጉሩንም ምልክቱንም ይረዳል፣ ለነፍሰ ጡርም ይሆናል።

ጸጉርሽን ቅቤ ወይም ወፍራም ቅባት የምትቀቢ ከሆነ ግንባርሽን በሻሽ ጥግ አትሸፍኚው፣ ስትተኚም የትራስ ልብስ ቶሎ ቶሎ ቀይሪ። ግንባርሽ ላይ አንድ ዓይነት መጠን ያላቸው፣ የሚያሳክኩ ጥቃቅን ነጠብጣቦች ካሉ ደግሞ ንገሪኝ። እሱ ብጉር ሳይሆን ፈንገስ ሊሆን ይችላል፣ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ሰፕሊመንቱን ጥያቄሽ እኔ ጋ ሳይደርስ ጀምረሽው ከሆነ ዛሬ አቁሚው። ዓይንሽ ቢጫ ከሆነ፣ ሽንትሽ ከጠቆረ፣ ወይም ከቀኝ ጎድንሽ በታች ካመመሽ ብልቃጡን ይዘሽ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂጂ።

ነገ ጠዋት መስኮት አጠገብ ቁሚና ፊትሽን ከፊት፣ ከግራና ከቀኝ በስልክሽ አንሺ። ቀኑን ጻፊበት። በ12ኛው ሳምንት እዚያው ቦታ፣ በዚያው ሰዓት ድገሚው። መስታወት በየቀኑ ያሳስትሻል፣ ፎቶው አያሳስትሽም። ለእኔ ወይም በአቅራቢያሽ ላለ የቆዳ ሐኪም ስትታዪም የክሬሙን ቱቦ ይዘሽ ነይ። 30 ግራሙ በየማታው የአተር ፍሬ ያህል ለምትቀባ ሰው ሁለት ወር ገደማ ነው የሚቆየው። 12 ሳምንት አልፎ ቱቦው ገና ግማሽ ከሆነ መድኃኒቱን ከመቀየራችን በፊት ስለ አቀባቡ እንነጋገራለን።